ሐረጎን ሳትወጪ የደሴን ቤት ማሞቅ፦ ለፔሌት ምድጃ የትኛው ቴርሞስታት?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «የምሠራው ከሐረጎ ዳገት በታች፣ ኮምቦልቻ ነው። እናቴ ከዳገቱ በላይ፣ ደሴ ከአንዲት ልጅ ጋር ይኖራሉ። ጣሊያን ያለው ወንድሜ የፔሌት ምድጃና 40 ከረጢት ፔሌት በኮንቴይነር ላከልን። ምድጃው ይሠራል። እናቴ ግን ቁልፎቹን አይነኩም፤ አብራቸው ያለችው ልጅም ትፈራዋለች። ከሥራ ሳልወጣ በስልኬ ለኩሼው፣ ማታ ስደርስ ቤቱ ሞቆ እንዲጠብቀኝ እፈልጋለሁ። ኢንተርኔት ላይ የቤቱን ሙቀት እየለካ ምድጃውን የሚያዝ ብዙ ዓይነት ገመድ አልባ ቴርሞስታት አየሁ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ‹በስልክ የሚታዘዝ ሶኬት ይበቃሻል፣ ርካሽ ነው› አለኝ። የትኛውን ልምረጥ?»

አብሽሪ እህቴ፣ የምትፈልጊው ነገር ይሆናል። ግን ከጓደኛሽ ምክር ልጀምር፤ ከሁሉም ያስፈራኝ እሱ ነው። ሶኬቱን አትግዢ። ገዝተሽው ከሆነም ለቴሌቪዥን አድርጊው።

የፔሌት ምድጃ መብራት ላይ ስለሚሰካ እንደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ይመስላል። አይደለም። ውስጡ የሚነደው እንጨት ነው። ፔሌት ማለት ደረቅ ሰጋቱራ በኃይል ተጠቅጥቆ፣ የእርሳስ ውፍረት ይዞ የተቆራረጠ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 6 ሚሊሜትር። ኤሌክትሪኩ ፔሌቱን በጠመዝማዛ ብረት እየገፋ ወደ እሳቱ ያወርዳል። መጀመሪያ ላይ ያቀጣጥላል። ከዚያ ደግሞ ጭሱን በማራገቢያ ስቦ በቱቦ ወደ ውጭ ያስወጣል። ነፍስ ያለበት ይሄ የመጨረሻው ሥራ ነው። ምድጃው በራሱ ቁልፍ «ጥፋ» ሲባል ወዲያው አይጠፋም። መጀመሪያ ፔሌት መመገቡን ያቆማል። እሳቱ የሚነድበት ጎድጓዳ ብረት ውስጥ የቀረው ነድዶ እስኪያልቅና ምድጃው እስኪበርድ ማራገቢያው ይሠራል። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። አንቺ ኮምቦልቻ ሆነሽ ሶኬቱን ስትቆርጪው የሚቆመው ማራገቢያው እንጂ እሳቱ አይደለም። ጭሱ እናትሽ ወደተቀመጡበት ሳሎን ይመለሳል። ከጭሱ ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድ ይመጣል። አይሸትም፣ አይታይም። ከሰል አቀጣጥለው፣ በር ዘግተው ተኝተው ሳይነሱ የቀሩ ሰዎች ታሪክ እኛ አገር ለማንም እንግዳ አይደለም። የሚገድለው ያው ጋዝ ነው።

ደግሞም ሶኬቱ ለመለኮስ እንኳ አይጠቅምሽም። አብዛኞቹ ምድጃዎች መብራት ሄዶ ሲመጣ በራሳቸው አይለኮሱም። ወይ ማቀዝቀዝ ይጀምራሉ፣ ወይ ማስጠንቀቂያ አሳይተው ሰው ይጠብቃሉ።

ትክክለኛው ቴርሞስታት ምድጃውን መብራት አይከለክለውም። «ቤቱ በርዷል» ወይም «ይበቃል» ብሎ ይነግረዋል እንጂ። እንዴት እንደሚለኮስና እንዴት እንደሚጠፋ የሚወስነው ምድጃው ራሱ ነው። የደህንነት መቆጣጠሪያዎቹ ሁሉ ሥራቸው ላይ እንዳሉ ይቆያሉ። ስለ ምርጫው ከዚህ በታች የምልሽ ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

አሁን መመሪያውን ክፈቺና «ቴርሞስታቶ አምቢየንቴ» የሚል ቃል ፈልጊ። በጣሊያንኛ የክፍል ቴርሞስታት ማለት ነው። ብዙዎቹ ምድጃዎች ከጀርባቸው ወይም ከውስጥ ካርዱ (ምድጃውን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ላይ ሽቦ የሚታሰርባቸው ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሏቸው። አንዳንዴ በመካከላቸው አጭር ሽቦ ታስሮ ይመጣል። ሁለቱ ሲገናኙ ምድጃው ሙቀት እንደተፈለገ ይረዳል። ሲለያዩ ይበቃል ማለት ነው። በዚያ መስመር ላይ የሚያልፈው በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው። እሱንም የሚሰጠው ምድጃው ራሱ ነው። ስለዚህ የምትገዢው ቴርሞስታት ተቀባይ ሳጥኑ (ግድግዳ ላይ ከሚሰቀለው ትእዛዙን በሬዲዮ እየተቀበለ ምድጃው ጋር የሚታሰረው) ሁለቱን ሽቦዎች ከማገናኘትና ከመለየት በስተቀር ከራሱ ምንም ኤሌክትሪክ የማይልክ መሆን አለበት። ባለሙያዎች «ደረቅ መገናኛ» ይሉታል። ሻጩን የምትጠይቂው የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው። በደንብ ካልመለሰልሽ እለፊው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ስላየሁት ነው። ሰሜን ጣሊያን የእነዚህን ምድጃዎች ጥገና ስሠራ አንድ ሽማግሌ ቤት ተጠራሁ። ቴርሞስታቱ አዲስ ነው፣ ምድጃውም አዲስ ነው፣ ካርዱ ግን ጠቁሯል። ተቀባይ ሳጥኑ የውሃ ፓምፕ እንዲያስነሳ ተብሎ የተሠራ፣ 230 ቮልት የሚያወጣ ዓይነት ነበር። ያ ሁሉ ኃይል በእነዚያ ሁለት ቀጫጭን ብሎኖች ገባ። እሳቸው እዚያ መለዋወጫ በሳምንቱ ደረሰላቸው። አንቺ ደሴ ሆነሽ ካርድ ከጣሊያን እስኪመጣ ስንት ወር እንደምትጠብቂ አስቢው። ሽቦውን የሚያስር ሰው መጀመሪያ በቴስተር ይለካ። ሳይለካ ካቻቢቴ የሚያነሳ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጊ።

ቀጥሎ ያለውን ሻጮች አይነግሩሽም፤ ብዙዎቹም አያውቁትም። በስልክ የሚታዘዙ ቴርሞስታቶች በአብዛኛው የታሰቡት ለጋዝ ቦይለር፣ በጋዝ ውሃ አሙቆ ቤት ለሚያሞቀው ዕቃ ነው። ጋዝ በሰከንድ ይለኮሳል፣ በሰከንድ ይጠፋል። ስለዚህ «ብልጥ» የሚባሉት ሙቀቱን ልክ 20 ላይ ለመያዝ በሰዓት ውስጥ ደጋግመው ያበራሉ፣ ያጠፋሉ። የፔሌት ምድጃ ይህን አይችልም። ለመለኮስ ብቻ 10 ወይም 15 ደቂቃ ይፈልጋል። በተለኮሰ ቁጥር ማቀጣጠያው እስከ 300 ወይም 400 ዋት እየሳበ ቀይ እስኪሆን ይግላል። ማቀጣጠያ ደግሞ አላቂ ዕቃ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ የሚለኮስ ምድጃ ዓመታት ያገለግላል። በቀን 20 ጊዜ የሚለኮሰው ማቀጣጠያውን ቶሎ ይጨርሳል፤ ፔሌቱንም በጭስ ያባክነዋል።

ስለዚህ በብልጥነቱ አትመዝኚው። የምትፈልጊው ቀላል ነገር ነው፦ «አብራ» እና «አጥፋ» ብቻ የሚያውቅ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት ግን አንቺ እንድትወስኚ የሚፈቅድ። ለምሳሌ 20 ዲግሪ ሲደርስ «ይበቃል» ይበል፣ 18.5 ሲወርድ «በርዷል» ይበል። አንድ ተኩል ዲግሪ ለእናትሽ ብዙም አይታወቃቸውም፤ ለምድጃው ግን ዕረፍት ነው። አንዳንዶቹ ልዩነቱን ከ0.5 በላይ አያሰፉም። እነሱን ተያቸው። እንደየሁኔታው ራሱን የሚያስተካክል ዘዴ ያላቸው ደግሞ ማጥፊያ ሊኖራቸው ይገባል።

ምድጃው ራሱም አንድ ምርጫ አለው። «ይበቃል» ሲባል ወይ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፣ ወይ እሳቱን ዝቅ አድርጎ መንደዱን ይቀጥላል። በብዙዎቹ ማውጫ ውስጥ ይህን መቀየር ይቻላል። እኔ ላንቺ ቤት የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። በሁለተኛው በስልክ «አጥፋ» ብትዪው እሳቱ ዝቅ ይላል እንጂ አይጠፋም።

ወደ ስልኩ እንምጣ። ቤት ውስጥ ኢንተርኔቱ ከየት ነው የሚመጣው? ብዙ ቤት ኢንተርኔት ማለት አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ነው። ያ ሰው አንቺ ከሆንሽ ጠዋት ሐረጎን ስትወርጂ የቤቱ ኢንተርኔት አብሮሽ ወረደ ማለት ነው። ቴርሞስታቱ የሚያናግረው አያገኝም። ስለዚህ ቤት የሚቀር መስመር ያስፈልግሻል፦ ወይ የቤት ዋይፋይ፣ ወይ ሲም የሚገባበት ራውተር። አብዛኞቹ ቴርሞስታቶች የሚቀበሉት 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን ዋይፋይ ብቻ ስለሆነ ራውተሩ ላይ እሱ መከፈቱን አረጋግጪ።

መስመሩ ቢኖርም ይቋረጣል። በ2016 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት ሳይኖር ስንት ወር እንደቆየን አንቺም ታውቂዋለሽ። ያኔ ፕሮግራሙን ሩቅ አገር ያለ ኮምፒዩተር ላይ የሚያስቀምጥ ቴርሞስታት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፕላስቲክ ነው የሚሆነው። ኢንተርኔት ባይኖርም በራሱ የሚሠራ፣ የሰዓት ፕሮግራሙን በራሱ ሆድ የሚይዝ፣ በባትሪ የሚሄድ፣ በእጅም ሊታዘዝ የሚችል ይሁን። ይህን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ከገዛሽው በኋላ ራውተሩን አጥፊና አንድ ቀን ሙሉ ተይው። ያንን ቀን በፕሮግራሙ ከሠራ ጥሩ ገዝተሻል። ካልሠራ መልሺው።

ሌላም መንገድ አለ፤ ዛሬ ብዙ ሰው አያስታውሰውም። ሲም ካርድ ገብቶበት በአጭር መልእክት የሚታዘዝ መቆጣጠሪያ ነው። ዋይፋይ አይፈልግም። ሜሴጅ ትልኪለታለሽ፣ ሁለቱን ሽቦ ያገናኛል። ደህናዎቹ የቤቱን ሙቀት ይነግሩሻል፤ መብራት ሲጠፋም ይጽፉልሻል። ጣሊያን ተራራ ላይ ያሉ፣ ሰው ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚሄድባቸው ቤቶች በዚህ ነበር የሚሞቁት። መልኩ አያምርም፤ የሚያምር አፕ የለውም። ግን ስልክ ከሠራ ይሠራል። እኔ ደሴ ለእናቴ ባደርግ ይህን ከተራ ገመድ አልባ ቴርሞስታት ጋር አጣምሬ ነበር የምገጥመው። ቴርሞስታቱ ሙቀቱን ይጠብቃል። ሲሙ «ዛሬ ቀድመህ ጀምር» ወይም «ዛሬ እንግዳ ሄደናል፣ ተው» ለማለት ይጠቅማል። ሁለቱን አጣምሮ ማሰር ግን የባለሙያ ሥራ ነው። «አጥፋ» የሚለው ትእዛዝ ከሁሉም በላይ እንዲሆን አድርጎ ይሰር።

የምድጃው አምራች የራሱን የዋይፋይ ዕቃ የሚሸጥበት ጊዜም አለ፤ ካርዱ ላይ ይሰካል። ከሙቀት በላይ ያሳይሻል፦ እሳቱ መያዙን፣ የጭሱን ሙቀት፣ ያለውን ስህተት። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ተራ ቴርሞስታት ምድጃው ይለኮስ አይለኮስ አያውቅም። ችግሩ ብዙዎቹ በርቀት የሚሠሩት በአምራቹ ኮምፒዩተር በኩል ብቻ መሆኑ ነው። የቤትሽ ኢንተርኔት አስተማማኝ ከሆነ ወንድምሽ የምድጃውን ስም ይዞ እዚያው ይጠይቅልሽ። ካልሆነ ገንዘብሽን ያዢ።

የሰዓቱን ነገር እንዳትረሺ። ፕሮግራሙ የሚሞላው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ምሽት 12 ሰዓት እንዲለኮስ የምትፈልጊ ከሆነ 18:00 ብለሽ ጻፊ። 12:00 ብትዪው ቀትር ላይ በፀሐይ ይለኮሳል። ለልጅቷም ንገሪያት፤ ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር ከግድግዳ ሰዓቱ ጋር ለምን እንደማይገጥም ካላወቀች «ተበላሽቷል» ብላ ነካክታ ትቀይረዋለች። የሰዓት ቀጠናውንም አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ አድርጊው፤ አንድ ነው።

አሁን ትንሽ ልቆጣሽ ነው። ከሩቅ ሆኖ መለኮስ ስልክ ያለው ሰው መብት አይደለም። እሳቱ የሚነድበት ጎድጓዳ በየቀኑ ከአመድ መጽዳት አለበት፤ ቀዳዳዎቹ ከተደፈኑ አየር አይገባም። አየር ሳይገባ ፔሌቱ ይከመራል፣ ይጨሳል። የተጠራቀመው ጭስ ድንገት እሳት ሲይዝ የምድጃውን በር የሚያስደነግጥ ድምፅ አውጥቶ ይመታዋል። ይህ ሲሆን ቤት ውስጥ ያሉት እናትሽ ናቸው። ስለዚህ ሕግ አውጪ። ልጅቷ ጠዋት ምድጃው ቀዝቃዛ ሳለ ጎድጓዳውን ትጥረግ፣ የፔሌቱን ማጠራቀሚያ ትሙላ፣ በሩን ትዝጋ፣ ከዚያ ትደውልልሽ። «ጠርጌያለሁ» ካላለችሽ አትለኩሺ። አመዱን በብረት ባልዲ ታውጣው፤ ፍሙ ውስጡ ሳይጠፋ ብዙ ሰዓት ይቆያል። አንድ ቅዳሜ ተቀምጠሽ አብረሻት ሥሪ፤ ልጅቷ የምትፈራው ስላላየችው ነው። ሦስት ጊዜ በእጇ ከሠራችው ፍርሃቷ ይለቃታል።

መብራት መቼም ይጠፋል። ቅድም ስለ ሶኬቱ የነገርኩሽ አደጋ መብራት ኃይል ሲቆርጥም ያው ነው። ለዚህ ነው ቴርሞስታት ከመግዛትሽ በፊት ባትሪ ያለው ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ሳጥን) ግዢ የምልሽ። ገንዘቡ ለሁለቱ ካልበቃሽ ቴርሞስታቱ ይቆይ። ምድጃው ከተለኮሰ በኋላ ብዙ ጊዜ ከ100 ዋት በታች ነው የሚበላው። አንድ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 600 ዋት-ሰዓት ይሰጣል። ራውተሩን ጨምሮ አምስት ሰዓት ገደማ ያቆይሻል። ማቀጣጠያውን እንዲችል ኢንቨርተሩ 1000 ዋት ይሁን። ሞገዱ ንጹሕ የሚባለው ዓይነት መሆኑን ጠይቂ፤ በርካሾቹ የማራገቢያው ሞተር ይጮሃል፣ ይግላልም። ምድጃው ከጣሊያን መምጣቱ ጠቅሞሻል፤ የእነሱም መብራት እንደኛው 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ ቢሆን ኖሮ ቮልቱን በትራንስፎርመር ብታስተካክዪው እንኳ ሞተሮቹ ቀስ ብለው ነበር የሚዞሩት።

ከኢንቨርተሩ ጋር የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ወንድምሽ ይላክልሽ። ትንሽ ዕቃ ናት። በባትሪ የምትሠራውን ይምረጥ። አንዷን ሳሎን፣ አንዷን እናትሽ የሚተኙበት ክፍል ስቀያቸው።

ቴርሞስታቱን የት ትሰቅይዋለሽ? ከወለሉ 1.5 ሜትር ያህል ከፍ አድርገሽ፣ እናትሽ በሚቀመጡበት በኩል፣ ከምድጃው ራቅ አድርገሽ። ከበር አጠገብ አይሁን። ከረከቦቱ አጠገብ ደግሞ ፈጽሞ። ደሴ ቤት ቡና ከአቦል እስከ በረካ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ታውቂያለሽ። የከሰሉ ሙቀት ቴርሞስታቱን ያታልለዋል። «ሞቋል» ብሎ ምድጃውን ያስቆማል፤ ሳሎኑ ጥግ ላይ ያለው ሰው ግን ጋቢ ይደርባል። ከሰል በሚነድበት ሰዓት መስኮት ገርበብ ማለት አለበት፤ ምድጃው ስላለ ይህ አይቀርም። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ከሆነ ደግሞ በቴርሞስታቱና በተቀባይ ሳጥኑ መካከል ያለው ሬዲዮ 868 ወይም 433 ሜጋኸርዝ ቢሆን ይሻላል። ከዋይፋይ የተሻለ ግድግዳ ያልፋል። ተቀባይ ሳጥኑን ምድጃው ላይ አትለጥፊው፣ ይግላል።

ስለ ከፍታው አንድ ነገር። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አራተኛ ገደማ ይሳሳል። ለቆላ የተስተካከለ ምድጃ እዚያ ላይ ፔሌቱን ያበዛል፣ አየሩን ያሳንሳል። እሳቱ ሰነፍና ቀይ ከሆነ፣ መስታወቱ በአንድ ምሽት ከጠቆረ ምልክቱ ይኸው ነው። ፔሌት ማውረዱን በጥቂቱ መቀነስ ወይም የጭስ ማራገቢያውን ፍጥነት መጨመር ያስፈልጋል። ከቴርሞስታቱ በፊት ይህ ይስተካከል። ያለዚያ ቴርሞስታቱ «በርዷል» ሲል ምድጃው ደጋግሞ መለኮስ እያቃተው ያድራል።

ፔሌቱንም እናስላው። ከረጢቱ እንደተለመደው 15 ኪሎ ከሆነ 40ው 600 ኪሎ ነው። በምሽት አራት ሰዓት፣ በሰዓት አንድ ኪሎ ብትይ 150 ምሽት ይሆናል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ብርድ ያሻግርሻል፤ ይተርፋልም። ግን ከመሬት ከፍ አድርገሽ በእንጨት ላይ ደርድሪው። የደሴ ጉምና ክረምት ከገባበት ተመልሶ ሰጋቱራ ይሆናል። በፔሌት ፋንታ የተቆራረጠ ባሕር ዛፍ ወይም ከሰል ማጠራቀሚያው ውስጥ አይግባ፤ ጠመዝማዛውን ይነክሰዋል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያውን ምሽት ከኮምቦልቻ አትሞክሪው። ዓርብ ማታ ወደ ደሴ ውጪና እዚያው ቤት ሁኚ። እናትሽን ሌላ ክፍል አስቀምጫቸው፣ መስኮት ክፈቺ። ምድጃው በደንብ ሲነድ ቆጣሪው ላይ ያለውን ማጥፊያ አውርጂና ኢንቨርተሩ ወዲያው መቀበሉን፣ ማራገቢያው አለመቆሙን ተመልከቺ። ከዚያ በስልክሽ «አጥፋ» በዪና ሰዓት ያዢ። ራሱን አጥፍቶ እስኪቀዘቅዝ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ምድጃው አጠገብ ለጥፊው። ሽቦ ሳይነካ በፊት ደግሞ የጀርባውን መለያና የሁለቱን ብሎኖች ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ አይቼ የቱ ከየቱ እንደሚታሰር እነግርሻለሁ።